የባህር ዳርቻው ቪላ፦ ቀብዱ ከመከፈሉ በፊት

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ከተጋባን 19 ዓመታችን ነው። ሁለታችንም ተቀጣሪዎች ነን። ቆጥበን ቆጥበን አሁን ደህና ገንዘብ ይዘናል። ባለፈው ዓመት ለዕረፍት ወደ አንድ ሞቃታማ የባህር ዳርቻ ሄድን። የዚያ አገር ዜጎች አይደለንም። እዚያ እያለን አንድ የሽያጭ ሠራተኛ ሊሠራ የታሰበ የቪላ መንደር አሳየን። ቦታው ልብ ይሰርቃል። ባለ ሦስት መኝታ፣ የራሱ መዋኛ ያለው፣ ከባህሩ በእግር ሁለት ደቂቃ። ቤቱ ገና አልተጀመረም፤ ያየነው ሥዕሉን ነው። መሬቱ በ30 ዓመት ሊዝ ነው። ‹ሁለት ጊዜ ስለሚታደስ 90 ዓመት ማለት ነው› ብለውናል። እኛ በሌለንበት ጊዜ ኩባንያው ለቱሪስት ያከራይልናል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በዓመት 10 በመቶ ትርፍ በዋስትና ይከፍለናል። ዋጋው የቁጠባችንን አብዛኛውን ይወስዳል፤ የጎደለውን ተበድረን እንሞላለን። ቀብዱ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተከፈለ ዋጋው እንደሚጨምር እየደወሉ ይነግሩናል። ባለቤቴ ‹ይህ ዕድል አያምልጠን፤ ጡረታ ስንወጣም እንኖርበታለን› ይላል። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን እንደሚያስፈራኝ እንኳ በቅጡ ማስረዳት አቅቶኛል። ፈሪ ሆኜ ነው?
እንቅልፍ ያጣችው»

ፈሪ አይደሉም፣ እህቴ። እንቅልፍ የነሳዎት ነገር እዚሁ ደብዳቤዎ ውስጥ አለ፤ አንድ በአንድ አወጣዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ቁርጡን ልንገርዎት። ቀብዱን በዚህ ወር አትክፈሉ። ዋጋው ከጨመረ ይጨምር። መሠረቱ ያልተቆፈረ ቤት በሚቀጥለው ወርም እዚያው ይጠብቃችኋል። የብዙ ዓመት ቁጠባ ግን አንዴ ከእጅ ከወጣ መመለሻው ከባድ ነው።

የባህር ዳርቻ ቪላ ገዝተው ደህና ገቢ የሚያገኙ ሰዎች አሉ። የሚሳካላቸው ነገሩን ከመጀመሪያው እንደ ንግድ የያዙት ናቸው። ለቱሪስት የሚከራይ ቪላ ትንሽ ሆቴል ነው። እንግዳ ይቀበላል፣ አንሶላ ይቀየራል፣ መዋኛው ይጸዳል፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሳል፣ በእኩለ ሌሊት ቧንቧ ይፈነዳል። እርስዎና ባለቤትዎ የተለያያችሁትም እዚህ ላይ ይመስለኛል። እሳቸው የሚያዩት ቤቱን ነው። እርስዎን የሚያሳስብዎት ደግሞ ሆቴሉ ያዋጣል ወይ የሚለው ነው።

ከሁሉም በላይ የከነከነኝ «ሁለት ጊዜ ስለሚታደስ 90 ዓመት ማለት ነው» ያሏችሁ ነገር ነው። አገሩን አልጻፉልኝም። ግን ይህ አባባል ታይላንድ ውስጥ በብዛት ይሰማል፤ እዚያ ደግሞ ሕጉ ግልጽ ነው። የውጭ ዜጋ በመደበኛው መንገድ መሬት በስሙ አይዝም። ኪራዩም በፍትሐ ብሔርና ንግድ ሕጉ ቁጥር 540 መሠረት ከ30 ዓመት ሊበልጥ አይችልም። ከዚያ በኋላ የሚመጡት 30 እና 30 የአከራዩ ቃል ብቻ ናቸው። አከራዩ ቢሞት፣ መሬቱን ቢሸጥ ወይም ኩባንያው ቢፈርስ፣ አዲሱን ባለመሬት ያንን ቃል እንዲያከብር ማስገደድ እጅግ ከባድ ነው። ወረቀቱ ላይ 90 ቢጻፍም፣ በእጃችሁ የሚገባው 30 ነው።

አገሩ ሌላ ከሆነ ሕጉም ሌላ ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 65 ላይ የውጭ ዜጋ መሬት የሚይዘው በሊዝ ብቻ እንደሆነ፣ ሊዙም ከ99 ዓመት እንደማይበልጥ ደንግጋለች። ዲያኒ ወይም ማሊንዲ በተባሉት የኬንያ የባህር ዳርቻዎች ላይ «የዘላለም ይዞታ» እንሸጥላችኋለን የሚል ሰው ከመጣ፣ ወይ ሕጉን አያውቅም ወይ እያወቀ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ከባህሩ 50 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ያለ መሬት በቀጥታ በውጭ ዜጋ ስም አይመዘገብም። ባንክ በአደራ ይይዘውና ገዢው ተጠቃሚ ይሆናል፤ የአደራው ጊዜ 50 ዓመት ሆኖ ይታደሳል። ኮስታሪካ ደግሞ ከባህሩ ጠርዝ ጀምሮ 200 ሜትር ድረስ ልዩ ሕግ አላት። የመጀመሪያው 50 ሜትር የሕዝብ ነው። ቀሪው 150 ሜትር ከመንግሥት በሚሰጥ የጊዜ ፈቃድ ብቻ ነው የሚያዘው። በእግር ሁለት ደቂቃ ማለት እኮ 150 ሜትር ገደማ ነው። የእናንተ ቪላ እንዲህ ባለ መስመር ውስጥ ይውደቅ አይውደቅ የሚነግራችሁ ሥዕሉ ሳይሆን የመሬት መዝገቡ ነው።

አንድ ነገር አደራ። «በአገሬው ሰው ስም እናስመዝግበውና በውስጥ ውል የእናንተ ይሆናል» ከተባላችሁ፣ ከወንበራችሁ ተነስታችሁ ውጡ። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣችው የመሬት ሕግ ሙሉ ባለቤትነትን ለዜጎቿ ብቻ ይሰጣል። በተዘዋዋሪ መንገድ ለውጭ ዜጋ የሚያስተላልፍ ውልንም ዋጋ ቢስ ያደርገዋል፤ መሬቱ ለመንግሥት ሊገባ ይችላል። ባሊ በተባለችው የኢንዶኔዥያ ደሴት ላይ በዚህ መንገድ የገዛ ሰው መሬቱን በስሙ ከያዘለት የአገሬው ሰው ጋር ቢጣላ፣ ፍርድ ቤት የሚያቀርበው ውል ራሱን የሚከስ ወረቀት ይሆንበታል።

ሊዝ በራሱ መጥፎ አይደለም። ብዙ አስተማማኝ ንግድ በሊዝ መሬት ላይ ይሠራል። ግን ሊዝ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ስታሰሉት እንደሚያልቅ ነገር አስሉት። 30 ዓመት ከሆነ በየዓመቱ ከከፈላችሁት ዋጋ 3.3 በመቶ ገደማ ይተናል። በ12ኛው ዓመት ልትሸጡ ብትወጡ ገዢው የሚያየው 18 ዓመት የቀረው ቤት ነው። ብድር የሚሰጠው ባንክም እንደዚያው ነው የሚያየው። ደግሞ ሊዙ መቁጠር የሚጀምረው ከመቼ ነው? ውሉ ከተፈረመበት ቀን ከሆነ፣ ግንባታው ሁለት ዓመት ቢፈጅ ሁለቱ ዓመት ቤቱን ሳታዩት አለፈ ማለት ነው። ይህንን ብቻ ጠይቃችሁ የሻጩን ፊት እዩ።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንሂድ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያምጡ፤ ባለቤትዎም አጠገብዎ ይቀመጡ። ቁጥሮቹ የእኔ ምሳሌዎች ናቸው፤ የራሳችሁን ስታገኙ ትተኩባቸዋላችሁ።

የቪላው ዋጋ 100 ይሁን። በዓመት ውስጥ 365ቱም ሌሊት እንግዳ ቢያድርበት 20 ያስገባል እንበል። የሻጩ ብሮሹር 80 በመቶው ሌሊት ይያዛል ይላችኋል፤ ይህ 16 ነው። ሞቃታማ የባህር ዳርቻ ግን የዝናብ ወራት አለው። የትምህርት ቤት ዕረፍት ካለቀ በኋላ ጭር የሚልበት ጊዜ አለው። ስለዚህ ለጥንቃቄ ግማሹን ያዙ። 10 ገባ።

ከዚህ 10 ላይ እንግዳውን ያመጣው ድረ ገጽ ኮሚሽኑን ይቆርጣል። 15 በመቶ ቢሆን 1.5 ሄደ። ቤቱን የሚያስተዳድረው ድርጅት 20 በመቶ ቢወስድ 2 ሄደ። ብዙዎቹ ከዚያም በላይ ይጠይቃሉ። ለጽዳት፣ ለጥበቃ፣ ለአትክልተኛ፣ ለመብራት፣ ለውሃ፣ ለመዋኛው ኬሚካልና ለኢንተርኔት 2 ያዙ። በሞቃት አገር ኤሲ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚሠራው፤ እንግዳ የመብራት ቆጣሪ አይቶ አያጠፋም። ለጥገና 1.5፣ ለኢንሹራንስ 0.5 ጨምሩ። ድምሩ 7.5 ነው። የቀረላችሁ 2.5 ነው፤ ግብሩ ገና አልተነካም። በዚያው ዓመት ሊዙ 3.3 በልቷል።

እሺ፣ ለሻጩ እንመንለትና 80 በመቶውን ሌሊት እንውሰድ። 16 ገባ። ኮሚሽኑ 2.4፣ አስተዳደሩ 3.2 ይሆናል። እንግዳ ሲበዛ ወጪው ስለሚጨምር ለሥራ ማስኬጃው 2.5 እንያዝ። ጥገናና ኢንሹራንስ ያው 2 ነው። የሚቀረው 5.9 ነው። እንግዲህ የሻጩን የራሱን ቁጥር ተጠቅመን እንኳ 10 አልደረስንም።

ታዲያ ያ በዋስትና የተባለው 10 በመቶ ከየት ይመጣል? ቤቱ ካላመጣው ሌላ ሰው ያመጣዋል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጡት ገዢዎቹ ራሳቸው ናቸው። ሦስት ዓመት በ10 በመቶ ሲባል 30 በመቶ ነው። ሻጩ ቤቱን ከሚያወጣው ዋጋ በ25 ወይም በ30 በመቶ አስወድዶ ከሸጠላችሁ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የገዛ ገንዘባችሁን ቆራርጦ ይመልስላችኋል። እናንተም «ትርፍ» ብላችሁ ትቀበላላችሁ። በአራተኛው ዓመት ዋስትናው ያበቃል፤ ቤቱ እውነተኛ ገቢውን ያሳያል።

ይህንን ማጣሪያ ቀላል መንገድ አለ። «ዋስትናውን አንፈልግም፤ ያለ ዋስትና ዋጋው ስንት ነው?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ብዙ ከቀነሱላችሁ፣ ልዩነቱ የትርፉ ምንጭ የት እንደነበር ይነግራችኋል። እዚያው አካባቢ ተሠርተው ያለቁና አሁን በባለቤቶቻቸው የሚሸጡ ተመሳሳይ ቪላዎችንም ዋጋ ጠይቁ። አዲሱ ከእነሱ በብዙ ከተወደደ፣ የምትከፍሉት ለሥዕሉ ነው።

ዋስትናውን የሚሰጠው ማን እንደሆነም እዩ። ባንክ ከሆነ የባንኩን የዋስትና ደብዳቤ አሳዩን በሉ። ራሱ ኩባንያው ከሆነ፣ ያ ኩባንያ ከዚህ አንድ መንደር ሌላ ምን ሀብት አለው? እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ በዓለም ላይ ድንበር ተሻግሮ የሚሄደው ቱሪስት ከቀዳሚው ዓመት ከ70 በመቶ በላይ ቀንሷል። እንደዚያ ባለ ዓመት ውስጥ በኪራይ ብቻ የሚኖር ኩባንያ የገባውን ቃል የሚከፍልበት ገንዘብ አይኖረውም። ዋስትና የሚያስፈልገው ደግሞ እንደዚያ ላለ ዓመት ነው።

ጥገና ላይ 1.5 ብዬ በአንድ ቃል አለፍኩት። ሞቃታማ ባህር ዳር ላይ ግን ትልቁ ነገር እሱ ነው። ብዙ ገዢ ይህንን የሚያውቀው ከገዛ በኋላ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የባህር አየር ጨው ይዞ ይነፍሳል። ጨውና እርጥበት ሲገናኙ ብረት አይበረክትም። እዚያ ስትሄዱ አምስት ወይም ስድስት ዓመት የሆነው ቪላ ፈልጉና ከኋላ በኩል ዞራችሁ የኤሲውን የውጪ ክፍል እዩ። እነዚያ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች ነጭ ዱቄት መስለው ሲነኩ የሚረግፉ ከሆነ፣ ኤሲው ዕድሜውን ጨርሷል። ሦስት መኝታ ቤትና አንድ ሳሎን ማለት አራት ኤሲ ነው። ቀጥሎ የበሩን ማጠፊያና የመዋኛውን መሰላል እዩ። «ስቴይንለስ ስቲል ነው» ይሏችኋል። ስቴይንለስም ዓይነት አለው። በብዛት የሚሸጠው 304 የሚባለው ባህር ዳር ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። ሞሊብዲነም የሚባል ብረት የተጨመረበት 316 ጨውን በተሻለ ይችላል፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። የእናንተ ውል የትኛውን ይላል? ምንም ካላለ ርካሹ ነው የሚገባው።

ከሁሉም የሚያሰጋው ግን በዓይን የማይታየው ነው። ጨው በአርማታው ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየሰረገ ፌሮው ጋ ይደርሳል። ፌሮው ይዝጋል። ዝገት ከብረቱ የሰፋ ቦታ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ ይገፋዋል። መጀመሪያ ኮለኑ ላይ ቡናማ መስመር ይታያል። ከዚያ በፌሮው አቅጣጫ ቀጭን ስንጥቅ ይወጣል። በመጨረሻ የአርማታው ቅርፊት ተላቆ ይወድቅና የዛገው ፌሮ ይታያል። ባህር ዳር የሚሠራ ጥሩ መሐንዲስ ለዚህ ብሎ ፌሮውን የሚሸፍነውን አርማታ ወደ 5 ሳንቲሜትር ያደርሰዋል። ርካሽ ሥራ ግማሹን አድርጎ ይተወዋል። ያልታጠበ የባህር አሸዋ የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ጨው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ውስጡ ነው። ይህንን ልስን ከተለሰነና ቀለም ከተቀባ በኋላ ማንም አያየውም። ስለዚህ ግንባታው እየተሠራ የሚያይላችሁ፣ ደመወዙን ከእናንተ የሚቀበል መሐንዲስ ያስፈልጋችኋል።

ምስጥና ሻጋታም አሉ። ቤቱ ለአንድ ወር ተዘግቶ ከቆየ ፍራሹና መጋረጃው ይሸታል። ውሃው ከጉድጓድ ከሆነ አስመርምሩት፤ ባህር ዳር ላይ ብዙ ሰው በሳበ ቁጥር ጨዋማው ውሃ ወደ ጉድጓዱ ይጠጋል።

ባህሩን ራሱንም አንርሳው። አውሎ ነፋስ በየሞቃታማው ዳርቻ እኩል አይመታም። ከምድር ወገብ በ5 ዲግሪ ውስጥ ባለው ቀበቶ ከስንት አንዴ ነው የሚፈጠረው። ካሪቢያን፣ ሜክሲኮ፣ ፊሊፒንስና ማዳጋስካር ግን የተለመደ መንገዱ ላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 2023 የሜክሲኮን የባህር ዳርቻ ከተማ አካፑልኮን የመታው ኦቲስ የተባለው አውሎ ነፋስ በአንድ ቀን ውስጥ ነው ከተራ ማዕበልነት ተነስቶ ከፍተኛው አምስተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው። ሆቴሎቹ መስኮት አልተረፋቸውም። እንዲህ ባሉ ቦታዎች የኢንሹራንስ ውል ስታነቡ «ባለቤቱ በቅድሚያ የሚሸፍነው» የሚለውን መስመር ፈልጉ። ለአውሎ ነፋስ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በመቶኛ ነው። 5 በመቶ ከሆነ፣ ከላይ 100 ባልነው ቤት የመጀመሪያው 5 ከኪሳችሁ ነው። የሁለት ዓመት የተጣራ ገቢያችሁ በአንድ ሌሊት ሄደ ማለት ነው። ጎርፍና የባህር ውሃ መጥለቅለቅ ጭራሽ የማይሸፈንበት ውልም አለ።

አሸዋውም አንድ ቦታ ረግቶ አይቀመጥም። የዓለም ባህር ከፍታ እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 ባለው ጊዜ በአማካይ 20 ሳንቲሜትር ያህል ጨምሯል፤ ፍጥነቱም እያደገ ነው። ይህ ቁጥር ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ዝቅ ያለ የባህር ዳርቻ ላይ ጥቂት ከፍታ ብዙ ሜትር አሸዋ ይወስዳል። ጎረቤት ሆቴል ግንብ ሠርቶ የራሱን አሸዋ ሲያድን፣ ከጎኑ ያለው ይጠረጋል። ካሪቢያን ላይ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ሳርጋሰም የሚባል ቡናማ የባህር አረም በብዛት ወደ ዳርቻው እየመጣ ይከመራል፤ ሲበሰብስ ይሸታል፣ እንግዳም ይሸሻል። እንግዳው የሚከፍለው ለባህሩ ዳርቻ ስለሆነ፣ ዳርቻው ሲበላሽ ኪራዩም ይወርዳል።

ስለ ግንባታው አንድ ነገር ልጨምር። ገና ያልተጀመረ ቤት መግዛት ላም አለኝ በሰማይ ነው። ግድ ከሆነ ክፍያው ከሥራው ኋላ ይሂድ። መሠረቱ ሲያልቅ ይህን ያህል፣ ጣሪያው ሲከደን ይህን ያህል እየተባለ፣ የእናንተ መሐንዲስ አይቶ ሲፈርም ይከፈል። ገንዘቡም በሻጩ ኪስ ሳይሆን በሦስተኛ ወገን እጅ ይቆይ። የግንባታ ፈቃዱን ቁጥር ይዛችሁ ማዘጋጃ ቤቱ ሄዳችሁ አረጋግጡ። ለቱሪስት በአጭር ጊዜ ማከራየት ራሱን የቻለ ፈቃድ ወይም ምዝገባ የሚጠይቅባቸው አገሮችም ብዙ ናቸው። ታይላንድ ውስጥ ለምሳሌ ከአንድ ወር በታች ማከራየት እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን የሆቴል ሕግ ይነካል።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ሐሳብ ልምጣ፤ ምክንያቱም ሐሳባቸው ክፉ አይደለም። ብዙ ዓመት ሠርቶ «ጡረታዬን ባህር እያየሁ» ማለት ማንም የሚመኘው ነው። ግን ለኪራይ የሚገዛ ቤትና ለመኖሪያ የሚገዛ ቤት አንድ አይደሉም። ለኪራይ የሚሆነው ግርግር ያለበት፣ ለአውሮፕላን ማረፊያ የቀረበ ነው። ለሽማግሌ የሚሆነው ጸጥ ያለ፣ ደረጃ የሌለው፣ ለሆስፒታል የቀረበ ነው። ደግሞ ቤት መግዛት በራሱ የመኖሪያ ፈቃድ አያሰጥም። እንደ ሞሪሸስ ያሉ በተፈቀዱ መንደሮች ከ375,000 ዶላር ጀምሮ ለገዛ ሰው የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጡ አገሮች አሉ፤ በብዙ ቦታ ግን ቤቱ የእናንተ ሆኖ እናንተ በቱሪስት ቪዛ የምትገቡ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ጡረታ ስትወጡስ ከ30 ዓመቱ ሊዝ ስንት ይቀራል? ይህንን ለባለቤትዎ በክርክር መልክ አያቅርቡላቸው። አብራችሁ ቀንሱና ውጤቱን አብራችሁ እዩ።

የመጨረሻው የእኔ ትልቁ ተቃውሞ ነው። ቤቱ ሁሉንም ፈተና ቢያልፍ እንኳ፣ የቁጠባችሁን አብዛኛውን አስገብታችሁ፣ ላዩ ላይ ተበድራችሁ እንድትገዙት አልመክርም። ባህር ዳር ያለ ቪላ በፈለጉት ቀን አይሸጥም። ገዢው ጥቂት ነው፤ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል። ቤት ውስጥ ሰው ቢታመም ወይም ከሁለት አንዳችሁ ሥራ ብታጡ፣ መኝታ ቤቱን ነጥሎ መሸጥ አይቻልም። ብድሩ ደግሞ እንግዳ ኖረም አልኖረም በየወሩ ይጠብቃል። ደመወዛችሁ በአንድ ገንዘብ፣ ኪራዩ በሌላ፣ ብድሩ በሦስተኛ ከሆነ የምንዛሪው መዋዠቅ ብቻውን ትርፉን ሊበላው ይችላል።

ምን ቢሆን ሐሳቤን እቀይራለሁ? ቤቱ የተሠራና የሁለት ወይም የሦስት ዓመት እውነተኛ የኪራይ መዝገብ ያለው ቢሆን። የባንክ ሂሳቡን የሚያሳይ መዝገብ ማለቴ ነው። የሊዙ ዘመን ረጅምና በመሬት መዝገብ ላይ በስማችሁ የሰፈረ ቢሆን። ዋጋው ከቁጠባችሁ ሲሶውን ባያልፍና ብድር ባይኖርበት። እንዲህ ያለው ቤት ሥዕሉ ላይ ካለው ያነሰ ያምር ይሆናል። ግን ገቢውን አይታችሁ የምትገዙት እሱን ነው።

እስከዚያው ይህን አድርጉ። በዝናቡ ወር፣ ቱሪስት በሌለበት፣ እዚያው አካባቢ አንድ ቪላ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ተከራዩ። ባለቤትዎም ይሂዱ። መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ፣ መንገዱ ጭቃ ይሁን አይሁን፣ ማታ ማታ ጎረቤት ቪላዎች መስኮት ላይ መብራት ይታይ እንደሆነ እዩ። ጨለማ የሆነው ሁሉ ያልተከራየ ነው። የሚያጸዱትን ሴቶች፣ የሚጠብቁትን ዘበኞች አነጋግሩ፤ በዓመት ስንት ሳምንት ሥራ እንዳላቸው ይነግሯችኋል። ጠበቃ ያዙ፤ ሻጩ «የእኛን ጠበቃ ተጠቀሙ» ካለ አመስግናችሁ ሌላ ፈልጉ።

ሲደውሉላችሁም ስልክ ላይ አትከራከሩ። እንዲህ ብላችሁ ጻፉላቸው፦

«ፍላጎቱ አለን። ከመወሰናችን በፊት የሚከተሉትን በጽሑፍ ላኩልን፤ የመሬቱን መዝገብ ቅጂና የባለመሬቱን ማንነት፣ ሊዙ መቁጠር የሚጀምርበትን ቀንና ስለ እድሳቱ የሚናገረውን አንቀጽ፣ የግንባታና የኪራይ ፈቃዶቹን ቁጥር፣ ያለ ዋስትና ያለውን ዋጋ፣ የዋስትናውን ሰጪና ያለፈውን ዓመት የሂሳብ ሪፖርቱን፣ ቀደም ብላችሁ ሠርታችሁ ያስረከባችሁትን አንድ መንደር የሁለት ዓመት የኪራይ መዝገብ። ቀብድ የምንከፍለው ጠበቃችን እነዚህን አይቶ ሲጨርስ ነው፤ ቀብዱም ሰነዱ ላይ ችግር ከተገኘ ተመላሽ መሆኑ በውሉ ይጻፍ።»

ከመለሱላችሁ የመጣውን ሁሉ ሰብስባችሁ ለጠበቃው ስጡ። ካልመለሱ፣ ወይም «ይህን ሁሉ ማንም ጠይቆን አያውቅም» ካሉ፣ ለባለቤትዎ ያንን መልስ ያሳዩአቸው። ውሉ ሲደርሳችሁ ለእኔም ጻፉልኝ፤ በተለይ የእድሳቱን አንቀጽ ቃል በቃል ገልብጣችሁ ላኩልኝ።